ተኩሷል፣ አልተኮሰም

አንቀጽ: ተኩሷል አልኩህ! ተኩሷል!

ገራገር: አልተኮሰም።

አንቀጽ: አንተ ምን አውቀህ ነው?

ገራገር: በቴሌቪዥን አየሁታ። ሸሚዙ ከኮሌታው እስከ እጅጌው ተጨማድዷል። እንኳን ሊተኩስ ካውያ ባለፈበት አላለፈም።

[ሁለቱም ልብስ ተኳሾች ናቸው። ቤቷ ጠባብ ስለሆነች ሁለቱ የካውያ ጠረጴዛዎች ከገቡ ወዲህ ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። አንቀጽ ስሙን ያገኘው ሕግ ተምሮ አይደለም፤ ከፍርድ ቤት ደጅ ስለማይጠፋና ሰላም ላለው ሰው ሁሉ አንቀጽ ስለሚጠቅስ ነው። ገራገር ደግሞ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ስሙ ለምን እንደወጣለት እየሰማችሁ ነው።]

አንቀጽ: በሽጉጥ ነው የምልህ አንተ ሰው! በሽጉጥ! ሸሪኩን ተኩሶ ገድሏል ተብሎ ነው የተከሰሰው።

ገራገር: እህ! ታዲያ እንደሱ አትልም? እኔ ደግሞ በሸሚዝ ሰው ይታሰራል ወይ እያልኩ ስገረም ነው የሰነበትኩት።

አንቀጽ: ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጉድ ፈላ። ተከሳሹ ራሱ ተነስቶ ቃሉን ሰጠ!

ገራገር: እሰይ! ለማን?

አንቀጽ: ለማን ማለት?

ገራገር: ልጅቷ ማን ናት? እስር ቤት ተቀምጦም ተዋወቀ? አይ የሰው ዕድል!

አንቀጽ: የጋብቻ ቃል አይደለም! የምስክርነት ቃል ነው! በራሱ ጉዳይ ራሱ መሰከረ። ማለ፣ ቆመ፣ ተናገረ።

ገራገር: ምን አለ?

አንቀጽ: «እኔ አልተኮስኩም» አለ።

ገራገር: [ካውያውን አስቀምጦ፣ ደረቱን ነፍቶ] ይኸው! ምን አልኩህ!

አንቀጽ: ኧረ በፈጠረህ! ተናገረ ማለት እውነት ነው ማለት ነው? አገር ምድሩ እኮ ለሁለት ተከፍሏል። ያቺ መጋረጃ የምታመጣዋ ሴትዮ «ዐይኑ ንጹሕ ነው፤ እሱ ዝንብም አይገድል» ብላ ስትነፋረቅ መጋረጃዋን ረስታ ሄደች። የአውቶቡሱ ሾፌር ደግሞ «ያ እንባ የሽንኩርት ነው» ብሎ ይምላል። ፋርማሲ ያለችው ልጅ «ሲናገር ጆሮውን ይነካካል፤ ጆሮውን የሚነካካ ሰው ይዋሻል» ትላለች።

ገራገር: አሳክኮት ቢሆንስ?

አንቀጽ: እኔ ራሴ እውነቱን ልንገርህ፣ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው።

ገራገር: [ወደ ኋላው አፈግፍጎ ከተሰቀሉት ካፖርቶች መሀል ገባ] ያንተንም?

አንቀጽ: ምኔን?

ገራገር: አንጀትህን። የሸሪኩ አልበቃው ብሎ…

አንቀጽ: አሳዘነኝ ለማለት ነው! አሳዘነኝ! ና ውጣ ከዚያ፣ የሰው ካፖርት ታጨማድዳለህ።

ገራገር: [እየወጣ] ካሳዘነህ ታዲያ ለምን ተኩሷል ትላለህ?

አንቀጽ: ስማ፤ የሰውየው ትልቁ ጥፋት ሽጉጡ አይደለም። አፉ ነው! ተከሳሽ ዝም የማለት መብት አለው። ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ጠበቃው ይናገርለት። በገዛ አፉ ቆሞ በራሱ ጉዳይ የሚመሰክር ሰው ጤነኛ አይደለም። ዐቃቤ ሕጉ ሲያፋጥጠው አላየህም? ላብ በላብ ሆነ እኮ!

ገራገር: ከዚያስ?

አንቀጽ: ከዚያማ መሸ። ለመጪው ሐሙስ ተቀጠረ።

ገራገር: አይ ዘመን! ሰው ይግደል አይግደል ገና ሳይለይለት ሥራ አገኘ? የጎረቤቴ ልጅ ዲግሪውን ታቅፎ የሚቀጥረው አጥቷል!

አንቀጽ: ጉዳዩ! ጉዳዩ ነው የተቀጠረው! [በሁለት እጁ ራሱን ይዞ] ወይኔ! እንግዲህ የእኔን ነገር አደራ የሰጠሁት ለዚህ ሰው ነው።

[የእሱ ነገር ይህ ነው። ሐሙስ ማታ አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ አገር መጥተው እራት ሲበሉ አንቀጽ ድራሹ ጠፋ። «ሥራ ደርሶብኝ ስተኩስ አመሸሁ» አለ። ሚስቱ አላመነችውም፤ ከዓርብ ጀምሮ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ የሰው ካፖርት ለብሶ ያድራል። ገራገር ዛሬ ምሳውን ከእህቱ ጋር ይበላል፤ የእሷ አፍ «ይምጣ» ካለ አንቀጽ ወደ አልጋው ይመለሳል፤ «አይምጣ» ካለ ደግሞ እንጃለት።]

ገራገር: [ሽርጡን እየፈታ] በል ልሂድ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ። እህቴ «ሐሙስ ማታ የት ነበር?» ካለችኝ ምን ልበል?

አንቀጽ: «ሥራ ቦታ ሲተኩስ ነበር።»

ገራገር: ማንን?

አንቀጽ: ልብስ ነዋ! በካውያ! ኧረ ይሄ ሰውዬ ሊገለኝ ነው! ተቀመጥ፣ አትሄድም። እንዲህ ሆነህ ከሄድክ እኔን ዕድሜ ልክ አስፈርደህብኝ ነው የምትመለሰው። እንለማመድ።

ገራገር: ምኑን?

አንቀጽ: አንተ የእኔ ጠበቃ ነህ።

ገራገር: ጠበቃ ምን ይሠራል?

አንቀጽ: [አሁን ገና ፊቱ ፈካ፤ ሲጠየቅ ደስ የሚለው ሰው ነው።] ጠበቃ ማለት ደንበኛው የነገረውን ሰምቶ፣ የሚጠቅመውን መርጦ የሚናገርለት ሰው ነው። የሚጎዳውን ግን ትንፍሽ አይልም።

ገራገር: ለማንም?

አንቀጽ: ለማንም!

ገራገር: ለእህቱም?

አንቀጽ: ለእህቱም፣ ለወለደችው እናቱም። ቢሻር፣ ቢባረር፣ ቢሞት እንኳ ምስጢሩን ይዞ ነው የሚቀበረው። ሕጉ ነው! በል እጅህን አንሳና ማል።

ገራገር: [ካውያውን እንደያዘ እጁን አነሳ] እምላለሁ።

አንቀጽ: [ከእንፋሎቱ ዘወር ብሎ] ቅንድቤን! ቅንድቤን! … እሺ፣ ምለሃል። አሁን ጠይቀኝ፤ ብልህ ሰው እንዴት እንደሚመልስ ታያለህ። ያ ተከሳሽ እኔን ቢያማክር ኖሮ ዛሬ ቤቱ ነበር።

[የልብስ ቅርጫት ደፍቶ ላዩ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ችሎት የቀረበ እስኪመስለው ድረስ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።]

ገራገር: ሐሙስ ማታ የት ነበርክ?

አንቀጽ: ሥራ ቦታ፣ ስተኩስ።

ገራገር: ምን ምን ተኮስክ?

አንቀጽ: የሙሽራውንና የሚዜዎቹን ሱፍ። ለቅዳሜ ሠርግ የደረሰ ነበር።

ገራገር: አንድ ነገር ግን አልገባኝም።

አንቀጽ: አንተ ምን ገብቶህ ያውቃል? ጠይቅ።

ገራገር: ዓርብ ጠዋት እኔ ስገባ እኮ ሱፎቹ እንደመጡ ተጨማድደው ነበር። እኔ ነኝ የተኮስኳቸው።

አንቀጽ: [ቅርጫቱ ከሥሩ ሲጢጥ አለ] እ… መልሰው ተጨማድደው ይሆናላ!

ገራገር: በራሳቸው?

አንቀጽ: በእርጥበቱ! የሱፍ ጠባይ አታውቅም?

ገራገር: ሚዜዎቹም ሁሉ?

አንቀጽ: ምን ታካብዳለህ! ጠበቃ ነህ ወይስ ዐቃቤ ሕግ?

ገራገር: እኔማ እንዲገባኝ ብዬ ነው። ላብ በላብ ሆንክ እኮ።

አንቀጽ: እንፋሎቱ ነው!

ገራገር: ጆሮህንም እየነካካህ ነው።

አንቀጽ: [እጁን ከጆሮው ላይ እንደ እሳት አነሳው] አሳክኮኝ ነው!

ገራገር: እሺ፣ አሳክኮህ ነው። እኔ ግን እህቴ እንደሱ ብላ ብትጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ? ጠበቃ እውነቱን ካላወቀ በየት በኩል ይዋሽ?

[አንቀጽ አሰበ። ያለው ነገር ልክ መሰለው፤ እንዲያውም ከገራገር አፍ እንዲህ ያለ ነገር መውጣቱ ገረመው። ደግሞስ ምሏል። ከቅርጫቱ ወርዶ ተቀመጠበት፤ ድምፁም አብሮት ወረደ።]

አንቀጽ: እውነቱን ለአንተ ብቻ፣ ለጠበቃዬ ልንገርህ። አልተኮስኩም።

ገራገር: ምንም?

አንቀጽ: አንድ ካልሲ እንኳ አልተኮስኩም። ፍርድ ቤት ነበርኩ። ሰውየው ሊመሰክር ነው ሲሉኝ ለአፍታ አይቼው ወደ እራቱ እሄዳለሁ ብዬ ገባሁ። ማልቀስ ጀመረ። እያለቀሰ ሰው ጥሎ ይኬዳል?

ገራገር: ነውር ነው።

አንቀጽ: ችሎቱ አለቀ፤ ወጣሁ። ደጅ ላይ ሰዉ ተኮልኩሎ ተኩሷል አልተኮሰም ይባባላል። አልፌ ልሄድ ነበር፤ በእናቴ ልሄድ ነበር። አንዱ ብድግ ብሎ «ተከሳሹ ራሱ መናገሩ ደግ አደረገ» አይልም? እኔ እያለሁ? አንቀጹን ጠቀስኩለት። ሌላው ተነሳ፣ ለእሱም ጠቀስኩለት። ቀና ስል ሱቁ ሁሉ ተዘጋግቷል፣ አባታችሁም እራታቸውን በልተው ተኝተዋል።

ገራገር: ታዲያ ይህንኑ አትነግራትም ነበር?

አንቀጽ: አባቷን ለነፍሰ ገዳይ ብዬ ጥያቸው እንደቀረሁ ልንገራት? አፈርኩ! ዐይኗን ሳይ አፈርኩ። «ስተኩስ ነበር» የምትለዋ ቃል ሳላስባት ከአፌ አመለጠች፤ ካመለጠች በኋላ ደግሞ የሚመልሳት ጠፋ። [አፍንጫውን በሰው መሀረብ እየጠረገ] ቤቴ ናፈቀኝ እኮ። ከኋላዬ ሆና «አታንኮራፋ» የምትለኝ ሰው ናፈቀችኝ።

ገራገር: አይዞህ። … ጋዜጠኛዋስ?

አንቀጽ: የቷ ጋዜጠኛ?

ገራገር: ማይክሮፎን አፍህ ላይ የደቀነችዋ።

[ካውያው ጭስስ አለ።]

አንቀጽ: አንተ… እንዴት አወቅህ?

ገራገር: እራት ላይ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። «የሕዝብ አስተያየት» ሲሉ ብቅ አልክ። ጣትህን ቀስረህ «ብልህ ሰው በራሱ ጉዳይ አይመሰክርም!» ስትል ሁላችንም ጉርሻችን አፋችን ውስጥ ቀረ። ረዥም ነው ደግሞ የተናገርከው። ልጅቷ ማይኩን ልትወስድ ብትል እጇን ያዝካት።

አንቀጽ: አባባም አዩ?

ገራገር: ዐይናቸው ደክሟል፣ አልለዩህም። «ይሄ ሰው ምን ዓይነት አንደበት ነው ያለው! ለመሆኑ ባልሽ የሚመጣው መቼ ነው?» ነው ያሏት።

አንቀጽ: ወይኔ! ምድር ተከፍታ ትዋጠኝ! ሁላችሁም እያወቃችሁ ነው?

ገራገር: ሰፈሩ በሙሉ። መጋረጃዋ ሴትዮ «ልጁ ልቡ ንጹሕ ነው፣ ይናገራል» ትላለች። ሾፌሩ «ይሄ ሰው ሞቶም መናገሩን አይተውም» ይላል። ፋርማሲዋ ልጅማ መንገድ ላይ ባየችህ ቁጥር ጆሮህን ነው የምታየው።

አንቀጽ: ካወቀች ታዲያ እህትህ ለምን ትጠይቀኛለች?

ገራገር: መቅረትህንማ ወዲያው ነው ይቅር ያለችህ። እንዲያውም በቴሌቪዥን ሲያዩህ ሹራብህ አምሮብሃል ብላለች። የቆረጣት ዐይን ዐይኗን እያየህ መዋሸትህ ነው። «እንዲህ በቀላሉ ከዋሸኝ ሌላውንስ በምን አምነዋለሁ?» ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። [ፊቱን አዙሮ] «አንዲት ጊዜ እውነቱን ይናገር፣ ዛሬውኑ ይግባ። ደግሞ ከዋሸ ግን ሻንጣውን አንተው ውሰድለት» ነው ያለችኝ።

አንቀጽ: [ከቅርጫቱ ላይ ተስፈንጥሮ] ተናገርኩ እኮ! አሁን ነገርኩህ! ሰምተሃል! ሩጥ! ሂድ ንገራት!

ገራገር: አልችልም።

አንቀጽ: ምን አገኘህ?

ገራገር: ጠበቃህ ነኝ። ለእህቱም፣ ለእናቱም ትንፍሽ አይልም ብለህ አስምለኸኛል።

አንቀጽ: ሽሬሃለሁ! ከአሁኗ ደቂቃ ጀምሮ ተባርረሃል!

ገራገር: ቢባረርም አልክ እኮ። ሕጉ ነው።

አንቀጽ: ሕጉ ገደል ይግባ! ምስክሬም ጠበቃዬም አንተ ነህ፤ ታዲያ ማን ይናገርልኝ?

ገራገር: [የአንቀጽን ኮት ከመስቀያው አውርዶ፣ ኮሌታውን በካውያው ዳበስ አድርጎ አለበሰው] እኔም እሱን ነው የማስበው። በራሱ ጉዳይ በገዛ አፉ የሚመሰክር፣ ጤናው የተቃወሰ አንድ ሰው ከየት ባገኘንልህ?

[አንቀጽ ሊጠቅስ ይሆናል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ እሱ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ሽምጥ ጋለበ፤ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ «ዋሽቻለሁ! ልነግራት ነው!» እያለ ነው የሚሮጠው። ሾፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ አሳለፈው። ገራገር ካውያዎቹን ነቀለ፣ ስልኩን አወጣ።]

ገራገር: ሄሎ፣ እህት ዓለም? መጣልሽ፣ በሩን ክፈቺለት። … ኧረ ከእኔ አንዲት ቃል አልወጣችም። ራሱ ነው ያወጣው። እኔማ እንደ ሁልጊዜው «አልገባኝም» እያልኩ ተቀመጥኩ። … እሺ። አትቆጪው፣ ደክሞታል። ምሳውን ለእናንተ ተውኩት፤ እኔ አመሻሽ ላይ ብቅ እላለሁ።