የፋብሪካ ጥይት አይከሽፍም

እኛ ሰዎች «የፋብሪካ ነው» ከተባልን ክርክር አናውቅም። የሰፈራችን አናጺ የሠራው ወንበር ላይ ከመቀመጣችን በፊት እግሩን እንነቀንቃለን፣ ጫን ጫን እያደረግን እንፈትነዋለን። በካርቶን ታሽጎ የመጣ ከሆነ ግን ዓይናችንን ጨፍነን ዘፍ ነው። የገበሬ ማር ስንገዛ ቀምሰን፣ አሽትተን፣ «ስኳር የለበትም?» ብለን ሰውየውን አስምለን ነው። ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ወረቀት የተለጠፈበትን ማር ግን ማንም አያስምለውም። እኔም ከዚህ ጉድ አልወጣሁም። የፋብሪካ ዕቃ እጄ ላይ ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው፤ «ምኑን ነክቼበት ይሆን?» እላለሁ። እናንተም ትላላችሁ፤ አትካዱ።

ይህ እምነታችን በወንበርና በማር ላይ እስካለ ድረስ ብዙ ጉዳት የለውም። ጥይት ላይ ሲደርስ ግን ሰው ያዋርዳል። እንዴት እንደሚያዋርድ ያየሁትን ላጫውታችሁ።

ቀበሌያችን ከጋምቤላ ከተማ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ፣ ባሮ ዳር ናት። ወላጆቼ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እኔ እዚሁ ሙቀቱ ውስጥ ተወልጄ፣ ማንጎ በልቼ አድጌ፣ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ሰው የተናገረውን ሰምቼ፣ አሳጥሬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ አስፈርማለሁ። መቼም ራስን ማመስገን ነውር ነው እንጂ በማሳጠር የሚደርስብኝ የለም። ግማሽ ቀን የፈጀ ጭቅጭቅ ግማሽ ገጽ ላይ አስተኛዋለሁ።

ባሮ ሲሞላ አዞ ወደ ውሃ መቅጃው ይጠጋል። ስለዚህ ሴቶች ሲቀዱና ከብት ሲጠጣ አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን ይዞ ዳር ላይ ይቆማል። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ኦሞድ ነበር። ኦሞድ የአኙዋ ልጅ ነው፤ ወንዙን እኛ መጤዎቹ ከምናውቀው በላይ ያውቀዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። አማርኛውን የለቀመው ከገበያ ስለሆነ የሚያስፈልገውን ቃል ብቻ ይዟል፤ ትርፍ ቃል አያባክንም። ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ሰው በረከት ነው ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ የእትዬ ዘይነባ ጊደር ውሃ ልትጠጣ ስትጎነበስ አዞ አፍንጫዋን ያዛት። እትዬ ዘይነባ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ጊደሯን ያሳደጓት በእጃቸው እያጎረሱ ነው። ኦሞድ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ጥይቱ የጮኸው ግን ጊደሯ ከነቀንዷ ውሃው ውስጥ ከሰጠመች በኋላ ነው።

በዚያው ቀን ቃሉን ሰጠ፤ እኔ ጻፍኩ፤ ፈረመ። በማግስቱ የሚሊሻ አዛዡ ሃምሳ አለቃ ግዛው ቃለ ጉባኤውን አነበቡና ኦሞድን አስጠሩት። «ለምን ዘገየህ?» አሉት። ኦሞድ በእጁም በአፉም እያገዘ እንደምንም አስረዳ፤ የመጀመሪያው ጥይት አልጮኸም፣ ሲያቀባብል ወጥቶ ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ የጮኸው ሁለተኛው ነው። ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ትናንት በሰጠኸው ቃል ስለ ጥይት አንዲት ቃል የለም። ዛሬ አድረህ ያመጣኸው ነው። ደግሞስ ይኼ ከእጅ እጅ ሲዞር የኖረ አሮጌ ጥይት አይደለም፤ ከነእሽጉ የመጣ የፋብሪካ ጥይት ነው። የፋብሪካ ጥይት አይከሽፍም!»

አለቀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በቀበሌው ውስጥ ኦሞድ ማለት አዞ አይቶ የደነዘዘ ሰው ሆነ። እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመው «ጊደሬን የበላት አዞ አይደለም፣ የኦሞድ ፍርሃት ነው» እያሉ ለእህል ገዢው ሁሉ ተናገሩ። ሃምሳ አለቃም ጠመንጃውን ሊቀበሉትና ለሌላ ሊሰጡት ወሰኑ። ጠመንጃ የተነጠቀ ሚሊሻ ከዚያ በኋላ በየትኛው ፊቱ ወንዝ ይወርዳል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ፤ የኦሞድ ግን በቁሙ ሊቀበር ነው።

ኦሞድ አልጮኸም። «እኔን ጠየቃችሁ» አለ። «አሁን ጥይቱን ጠይቁ።»

እንዳጋጣሚ በዚያው ሰሞን በየቀበሌው የተቀመጠውን ጥይት የሚፈትሽ አንድ ባለሙያ ከከተማ ይመጣ ነበር። ሃምሳ አለቃ «ይጠየቅ!» አሉ። ጥይቱ ደህና ከሆነ ኦሞድ ያለ ተጨማሪ ክርክር ጠመንጃውን ሊያስረክብ ቃል ገባ።

በቀጠሮው ቀን ግማሹ ቀበሌ ከሜዳው ጫፍ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ባለሙያው ጸጥ ያለ፣ ሸሚዙ በላብ የራሰ ሰው ነው። አፈር አስከመረ፣ ወረቀት ኢላማ ሰቀለ፣ የጥይት ፍጥነት የምትለካ ሞባይል የምታህል መሣሪያ ተከለ። ሃምሳ አለቃ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዙት እሳቸው ናቸውና አሥር ፍሬ ጥይት አመጡ። እንዴት አድርገው አመጡት መሰላችሁ? በትሪ! አንድ በአንድ በጨርቅ ወልውለው፣ ደርድረው። አልፈርድባቸውም። እኛ አገር ለእንግዳ ማንጎ እንኳ ሲቀርብ ተመርጦ ነው፤ ነጥብ ያለበትን ለራሳችን እናስቀራለን።

ባለሙያው የኦሞድን ጠመንጃ ተቀብሎ ተኮሰ። አሥሩም ጮኹ። ቀዳዳዎቹ ወረቀቱ ላይ መዳፍ በምታክል ቦታ ተሰብስበዋል። ፍጥነታቸውም እንደሚገባው ነው አለ። እንግዲህ ጠመንጃው ደህና፣ ጥይቱም ደህና። ጥፋተኛ ፍለጋ ከዚህ በኋላ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መሬት መሬቱን ያያል። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ወደ ጠመንጃው ዘረጉ።

«ቆይ እስቲ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሰው እየገፉ ወደ ባለሙያው ቀረቡ። «አንተ ልጄ፣ እኔ ማሽላ ስገዛ እጄን እስከ ክርኔ ነው ጆንያው ውስጥ የምከተው። ከላይ ያለውማ ሻጩ እንዳየው የፈለገው ነው። ይኼ ሣጥን ሥር የለውም እንዴ?»

«እትዬ፣ ጥይት እኮ ማሽላ አይደለም» አሉ ሃምሳ አለቃ ፈገግ ብለው። «የፋብሪካ ነው።»

«መጋዘንህ ውስጥ ያስቀመጠውም ፋብሪካው ነው?»

ልብ በሉ፣ ሴትዮዋ ለኦሞድ አዝነው አይደለም። ጊደራቸውን የበላ ሰው ነው ብለው ገና አምነዋል። ግን ዕድሜ ልኩን ጆንያ የፈተሸ ሰው ከላይ ብቻ ታይቶ ሲታለፍ እጁን ያሳክከዋል። ባለሙያው ትንሽ አሰበና «ልክ ናቸው» አለ። ሣጥኑ መጣ። ክረምቱን ሙሉ አፈር ወለል ላይ ተቀምጦ የከረመ፣ ሥሩ የሻገተ ሣጥን ነው። የታችኛው ረድፍ ላይ ያሉት ጥይቶች አረንጓዴ ጣል ጣል ብሎባቸዋል። ሃምሳ አለቃ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ።

ከሥር አሥር ፍሬ ተለቀመ። አንደኛው ጮኸ። ሁለተኛው ጮኸ። ሦስተኛውም ጮኸ። አራተኛው «ቀጭ» አለ፤ ሌላ ነገር የለም።

ባለሙያው አፈሙዙን ከአፈር ክምሩ ሳያነሳ ግራ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ። ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል።» ሁላችንም ባለንበት ቀረን። ኦሞድ ቀና አለ። ያን ዕለት ቀና ሲል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዲህ ረጅም መሆኑንም ረስቼው ነበር። ኋላ ባለሙያው ቀስ ብሎ አቀባበለ፣ የወጣችውን ጥይት አንስቶ ቂጧን አሳየን። መሐል ላይ ጎድጎድ ብላለች። «የጠመንጃው መርፌ በደንብ መትቷታል። እሷ ናት ያልተነሳችው። እርጥበት ገብቷታል» አለ። ከአሥሩ ሦስቱ እንዲሁ ሆኑ፤ በሌላ ጠመንጃ ቢሞከሩም ወይ ፍንክች።

እትዬ ዘይነባ እልልታቸውን አቀለጡት። ጥይት ከሽፎ እልል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወደ ኦሞድ ሄደው እጁን ያዙ። «ወላሂ ስምህን በልቼዋለሁ። ጊደሬ አንድ ጊዜ ሞተች፣ አንተን ግን በየቀኑ ነው የገደልኩህ። ይቅር በለኝ» አሉት። ኦሞድም እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኔን ላብ ነው ያቃጠለው ብዬ ጠራረግሁ፤ ላብ ግን አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሁላችንም፣ በተለይ ለአንዳንዶቻችን፣ መልካም ነበር። ባለሙያው ግን የክሱን ነገር ሰምቶ ነበርና ቅጹን እየሞላ አንድ ነገር ጠየቀ። «ይህ ሰው ታዲያ የመጀመሪያ ቀን ቃሉን ሲሰጥ ለምን ጥይቱ ከሸፈ አላለም?» ሃምሳ አለቃ ይህቺን ጥያቄ እንደ ማምለጫ ገመድ ያዟት። «እሱን ነው የምለው! አንብብለት» አሉኝ።

መዝገቡን ገልጬ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ። «አባሉ አዞውን አየ፤ አነጣጠረ፤ ዝም አለ፤ እንደገና አቀባበለ፤ ተኮሰ።»

ኦሞድ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ! እንደዚህ ነው ያልኩት። አነጣጠርኩ። ዝም አለ። እንደገና አቀባበልኩ። ተኮሰ።»

«ዝም ያለው ማነው?» አለ ባለሙያው።

«ጥይቱ ነዋ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኦሞድ «ከሸፈ» የምትለዋን ቃል አያውቃትም ነበር፤ እናም ባለው ቃል ጥይቱ ዝም አለ ብሎ ቁልጭ አድርጎ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ሙያዬ ነውና «አነጣጠርኩ» ያለውን «አነጣጠረ»፣ «አቀባበልኩ» ያለውን «አቀባበለ» እያልኩ ሳሳጥር፣ ዝም ያለው ጥይትና ያነጣጠረው ሰው አንድ ሆኑ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕር ወለምታ ደግሞ ማኅተም ይመታበታል።

ሃምሳ አለቃ የመጋዘናቸው ወለል ጣጣ ስላለባቸው እኔን ከመውቀስ ጫማቸውን ማየት መርጠዋል። እኔ አሮጌውን ሠረዝኩና «ጥይቱ» የምትለዋን ቃል ያለ ስስት እየደጋገምኩ አዲስ ቃል ጻፍኩ፤ ጮክ ብዬም አነበብኩት። ኦሞድ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ብዕሩን ተቀበለኝ፣ ፈረመ። ሊመልስልኝ ሲል እጁ ላይ አቆየውና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«አንተስ» አለኝ፣ «ከሣጥኑ ላይ ነህ ወይስ ከሥር?»

ከኒሙ ሥር የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መልሱን ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩትም።