ሾጣጣዋ እርሳስና ክቡር ጋሽ ደባልቄ

የሰው ሥራ ሳያርም ቁርሱ ከጉሮሮው የማይወርድለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ከአሶሳ ወጣ ብላ በምትገኘው በእነሙንታሲር መንደር ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ደባልቄ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ መጥተው፣ "ቀጥ አላለም!" በምትል አንድ ቃል መንደሩን የሚገዙ። አንድ ጊዜማ ለቅሶ ቤት የድንኳኑን ምሰሶ አስነቅለው እንደገና አስተክለዋል። ለቀስተኛው ውጭ ቆሞ ጠበቀ።

ሙንታሲር ከእሳቸው ጋር ጉዳይ ባይኖረው ደስ ባለው ነበር። ግን ከርከሮ የለውዝ ማሳውን ሲሶ በላበት። ከአባቱ የወረሰው፣ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ ከርከሮውን ትቶ ዛፍ ይመታል። ጋሽ ደባልቄ የጠመንጃ ነገር ያውቃሉ ሲባል፣ እግሩ እየከበደው ሄደ።

"እስቲ አጉርሰው" አሉት።

ሙንታሲር ባሩዱን በግምት ጨመረ፤ ጫፏ የሾለውን የእርሳስ ጥይት አፈሙዙ ላይ አስቀምጦ በዘንግ ይደበድባት ጀመር።

"ቀጥ አላለም! ሚስማር ነው እንዴ የምትመታው? አፍንጫዋን አበላሸኸው! ጠማማ ሆና የገባች ጠማማ ሆና ነው የምትወጣው።"

ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ባሩዱ ሁልጊዜ በአንድ ስፍር፤ እርሳሷ ሰምና ጮማ ተቀብታ፣ በአውራ ጣት ቀጥ ብላ ገብታ፣ ባሩዱ ላይ እስክታርፍ በእኩል ኃይል መገፋት ብቻ። ዘንጉ ላይ በቢላ ምልክት አስደረጉ፤ እርሳሷ ባሩዱ ላይ ስታርፍ ምልክቱ ከአፈሙዙ ጋር መግጠሙን በጣታቸው ሳይዳስሱ አያልፉም። ከተኩስ በኋላ ደግሞ ጥላሸቱ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል አለበት።

"ወላሂ ጋሼ፣ ከርከሮ ለውዝ ጨረሰ!"

"ስትስተው አይደል ሲጨርስ የከረመው?"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙንታሲር ስልሳ እርምጃ ርቀት ላይ ቅል ሰቀለ። አጉርሶ ተኮሰ፤ ቅሉ ተወዛወዘ።

"መታሁ! ጋሼ፣ አዩ?"

"የት ላይ?" አሉ፣ ቅሉን ትተው በስተቀኝ ያለውን የማንጎ ዛፍ እያዩ።

ለሙንታሲር ያኔ ነው የገባው። የሽማግሌውን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ሁለት ቀን ያረሙት በጆሯቸውና በጣታቸው ነበር፤ ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ።

ሙንታሲርም ቅሉን አውርዶ አመጣና ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አኖረው። ዙሪያውን ዳሰሱት።

"ክብ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "በጎኗ ብትገባ ሞላላ ይሆን ነበር። በአፍንጫዋ ነው የገባችው።"

ከዚያ ቅሉን ያገላብጡት ጀመር። ማገላበጣቸው ሲረዝም ሙንታሲር ፈራ፤ እኚህ ሰው የሚያርሙት ሲያጡ አይቶ አያውቅም።

"ግን" አሉ በመጨረሻ፣ ቅሉን በስንዝር እየለኩ፣ "ከመሃል ሁለት ጣት ወደ ግራ ሸሽታለች።"

ሙንታሲር ከልቡ ሳቀ።

ከርከሮው በሳምንቱ ወደቀ። ሙንታሲር ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት የጋሽ ደባልቄን ክንድ ይዞ ቅሉ ወደሚሰቀልበት ይወስዳቸዋል። መንደርተኛው ከርከሮው ሞቶ የለም ወይ ሲለው፣

"እኔ ገና ነኝ" ይላል፤ "ሁለት ጣት ይቀረኛል።"