ክሬም የገባበት ሙልሙል

ድሮ ምግብ ማንነቱን አይደብቅም ነበር። ሽሮ ሽሮ ነው፤ ቅቤም ቅቤ። ጾም ሲገባ ቅቤው ተከድኖ ጓዳ ይቀመጣል፣ ሥጋ ቤቱ በሩን ዘግቶ ይጠፋል፣ እኛም ከሽሯችን ጋር ፊት ለፊት እንፋጠጣለን። ግራ የሚጋባ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን፣ መቼም እናንተም ሳይገጥማችሁ አይቀርም፣ የጾም ወተት አለ፣ የጾም ቅቤ አለ፣ የጾም ክትፎ ሳይቀር አለ። አንድ ቀን እሱው ቀርቦልኝ፣ ልብላው ወይስ ለንስሐ አባቴ ልናዘዘው እያልኩ ሳሰላስል በረደብኝ። ጾሙን ከፍስኩ የሚለየው ያቀረበው ሰው ቃል ብቻ ሆኗል። ቃል ደግሞ እንደ ተሸካሚው ነው።

ከዚህ ሁሉ ውዥንብር የተረፈ የሚመስለኝ ሙልሙል ነበር። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም መሀል መሆኑን ታውቃላችሁ። ሙልሙል ደግሞ ዱቄትና ውኃ ነው፤ ክርክር የለበትም። እኛ ቢቸና ለክርስትና ልጅ እንሰጣለን፣ ሆያ ሆዬ ብለው በር ለሚመቱት እንሰጣለን፣ ልጅ ያጨን እንደሆነም ለአማቾቻችን እንልካለን። የኔም ጉድ ከዚህ ከመጨረሻው ይጀምራል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የዘንድሮውን ጉድ የማሰማው እኔ ሆንኩ።

ልጄ ማስተዋል ባሕር ዳር ኬክ ሥራ ተምራ መጥታ እቤታችን ለልደቱም ለምርቃቱም ትጋግራለች። የታጨችው ለሞጣው መሪጌታ ሙላት ልጅ ነው፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ሞጣ ገብታ ኬክ ቤት መክፈት ትፈልጋለች። እጮኛዋ ተስማምቷል። መሪጌታም «የእጅ ሥራ ነውር የለውም» ብለዋል። የቀሩት አማቷ ናቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሙያ የተመሰገኑ ሴት ናቸው፤ ጠላቸውን የቀመሰ ሌላ ቤት ጠላ ሲቀርብለት ፊቱ ይታወቃል። የኬክ ቤቱን ነገር ሲሰሙ፣ «ሰው እዚህ ዳቦ አጥቶ ነው?» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «እስቲ ለቡሄ እጇን እንየው» አሉ። እንግዲህ ፍርዱ በሙልሙል ሊሰጥ ነው።

ልጄ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ተራ ሙልሙል ብልክ ኬክ መሥራቴን በምን ያውቃሉ? ኬክ ብልክ ደግሞ የቡሄ ወጉ የት አለ? ብላ ብላ አንድ ነገር ፈጠረች። ሙልሙሉን ትንንሽ አድርጋ ጋገረችው፣ ሆዱን ሰነጠቀችው፣ በውስጡ ቀለም ያለው ክሬም ሞላችው። መጀመሪያ የሞከረችው ሰማያዊ ነበር። እናቷ አይታ፣ «እግዜር ሰማያዊ እህል አልፈጠረም፤ አንቺ ከየት አመጣሽው?» አለቻት። እሱ ቀረና ሮዝና አረንጓዴ ሆነ።

ችግሩን ያመጣው ሁለት ቀለም መሆኑ አይደለም፤ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። የልጄ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ አንደኛው ቀለም በውኃ ከሚመታው የክሬም ዱቄት የሚሠራ የጾም ክሬም ይሆናል፤ እሱ ለቡሄ ይበላል። ሌላኛው ወተትና ቅቤ ያለበት የፍስክ ይሆናል፤ እሱ ጾሙ ሲፈታ ይበላል። አማቷ ሁለቱንም ቀምሰው ሙሉ ሙያዋን እንዲያዩላት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እራት ላይ የምታወራው ስለዚህ ብቻ ነበር። እኔም አባት ነኝና ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማ ነበር። መስማትና ማዳመጥ ለየቅል መሆናቸው የገባኝ በኋላ ነው።

በዋዜማው ጠዋት ሁለት ካርቶን አስያዙኝ። ልጄ «አባዬ፣ እንግዲህ አደራ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ባለቤቴም «እንዳትቀመጥበት» አለችኝ። ከቢቸና ስነሣ ነገሩ በእጄ ነበር፤ ሮዙ የጾም፣ አረንጓዴው የፍስክ። እርግጠኛ ነበርኩ። መንገድ ላይ ግን ዝናቡ ሚኒባሱን ይደበድባል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል፣ የሚታይ ነገር የለም፤ ሰው በዚህ ጊዜ ማሰብ ይጀምራል። አረንጓዴ የጎመን መልክ አይደለም እንዴ? ጎመን ደግሞ የጾም ነው። ሮዝስ? ሮዝ ሥጋ ሥጋ ይላል። ልጄ ብልህ ናት፤ ሰው እንዳይሳሳት ብላ የጾሙን አረንጓዴ ሳታደርገው አትቀርም። ደብረ ወርቅን ሳናልፍ አረንጓዴው የጾም ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ቆይ፣ አረንጓዴ እኮ የሣር መልክ ነው፣ ሣር ላም ነው፣ ላም ወተት ነው አልኩ። ጉንደ ወይን ስንደርስ ሮዙ ተመልሶ የጾም ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። ሞጣ ስወርድ የማውቀው፣ በክንዴ ካቀፍኳቸው ካርቶኖች አንደኛው የሰው ጾም እንደሚያስፈታ ብቻ ነበር።

ስልክ አወጣሁ። ኔትወርኩ ከዝናቡ ጋር ሄዷል።

በማግስቱ ቅዳሴ አለቀና መሪጌታ ቤት ቁጭ አልን። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁለቱንም ቀለም ከካርቶን አውጥተው በትልቅ ትሪ ላይ ደርድረውታል፤ ሮዙ በአንድ ወገን፣ አረንጓዴው በሌላ ወገን። በሩ ላይ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ጅራፍ ያጮኻሉ። እመቤቲቱ አንዱን አንሥተው ገለባበጡትና ክሬሙን ትክ ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም። «መሪጌታ፣ ይባርኩና ያስጀምሩን» አሉ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። ይህን ጊዜ የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝም። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው እሳት ሆነባት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ብናገር፣ ልጄ በፍልሰታ ፍስክ ልካ፣ አባቷም የፍስኩ የቱ እንደሆነ አያውቅም ሊባል ነው። ዝም ብል፣ ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ፣ ልቅሶ እንኳ ጾማቸውን ያላስፈታቸውን ሽማግሌ በኔ እጅ ላስት ነው።

«ይቆዩ፣ መሪጌታ» አልኩ።

ነገርኳቸው። አንደኛው የፍስክ ነው፣ ለጾሙ ፍቺ ታስቦ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን መንገድ ላይ ጠፋብኝ አልኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በእጃቸው የያዙትን ቀስ አድርገው ወደ ትሪው መለሱና ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ያቺ መጥረግ ልቤን ወጋችው። በዓይኔ ፊት የልጄ ኬክ ቤት ሳይከፈት ተዘጋ።

መሪጌታ ግን ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉና፣ «ታዲያ ምን ያስጨንቃል? እኛ አንቀምሰው እንጂ የሚቀምስ ጠፍቶ ነው?» አሉ። ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «በይ ዘይነባን ጥሪያት።»

እትዬ ዘይነባ ጎረቤት ናቸው፤ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሁለቱ ቤቶች አጥር እንጂ ሌላ የሚለያቸው ነገር የለም። በረመዳን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቡና ሲወቅጡ ድምፁ እንዳያስጎመጃቸው በር ይዘጋሉ፤ በሁዳዴ እትዬ ዘይነባ ሥጋ ሲጠብሱ ጭሱ ወደየት እንደሚሄድ አይተው ነው። በአጥር ላይ ተጠሩና መጡ። ነገሩ ተነገራቸው። አልሳቁም። እጃቸውን ታጥበው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ዳኛ በሚቀመጥበት አኳኋን በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ቢስሚላህ» ብለው ሮዙን ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አረንጓዴውን ቀመሱ። አሁንም ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ይህኛው ጭፈና ረዘም ያለ ነበር። ከዚያ አረንጓዴውን ደገሙት።

«ለማረጋገጥ ነው» አሉ።

መሪጌታ፣ «እህ፣ ዘይነባ?»

«ሮዙ ንጹሕ የጾም ነው፤ ይባርኩትና ይብሉት። አረንጓዴው ወተት አለው። ይቅርባችሁ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠርጠር አደረጉ መሰለኝ፣ «አጣርተሽ ነው?» አሉ። መሪጌታ ግን ቀደሟቸው፤ «ዘይነባ ካለች አለች» ብለው ባርከው ሮዙን ገመጡ። አይገርማችሁም? የፍልሰታ ጾም፣ የደብረ ታቦር ዕለት፣ መሪጌታ ቤት፣ የመጨረሻው ቃል የእትዬ ዘይነባ ሆነ። ማንንም አልደነቀም፤ የገረመው እኔን ብቻ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ሲነሡ፣ «አረንጓዴውስ እስከ ጾሙ ፍቺ ምን ያደርግላችኋል? ወተት ያለው ነገር አይቆይም፣ ይበላሻል። የልጅ ልጆቼ ይብሉት» አሉና የአረንጓዴውን ወገን ጠቅልለው በካርቶኑ ይዘው ወጡ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሮዙን ቀስ ብለው አላመጡ። ሁለተኛ አነሡ። ስሰናበታቸው ብቻ፣ «ጣፋጭ ነው፤ ሙልሙል ግን አይደለም» አሉኝ። ይህ ምስጋና ይሁን ወቀሳ፣ ከሞጣ እስከ ቢቸና ሳወጣ ሳወርደው መጣሁ።

ቤት ስገባ ልጄ እስክቀመጥ አልታገሠችኝም። «አባዬ፣ እማማ ጥሩወርቅ ምን አሉ?» እኔም ነገሩን ከራሱ ጀምሬ አወራሁላት፤ ስለ እትዬ ዘይነባ ምላስማ ሳልጨምርበት አልቀረሁም። እንዲህ ያለ ምላስ በዘመኔ አላየሁም፣ አንዴ ቀምሰው ወተቱን ከነላሙ አወቁት አልኩ። እናትና ልጅ ተያዩ። ቀድማ የሳቀችው ልጄ ናት።

«የምን ወተት?» አለች ባለቤቴ።

«የአረንጓዴው ነዋ!»

«አረንጓዴው ውስጥ ወተት የለም። ሮዙም ውስጥ የለም። ሁለቱም የጾም ነው።»

በመሄጃዬ ዋዜማ ልጄ ወተቱን ልታፈላ ስትል እናቷ ከልክላታለች። «ለአባትሽ ሁለት ዓይነት ነገር አይሰጥም፤ መንገድ ላይ አንድ ያደርገዋል» ብላ። ለምን አልነገራችሁኝም ስላት፣ «ብንነግርህስ ትይዘው ነበር?» አለችኝ። ተናድጄም ነበር፣ ግን አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

እንግዲህ ንገሩኝ፤ እትዬ ዘይነባ የቀመሱት ምንድን ነው? አንዳንዴ፣ አረንጓዴው ጣፍጧቸው ለልጅ ልጆቻቸው ፈልገውት ነው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ፣ የኔን ላብ አይተው፣ አንዱን ካላወገዙ ሌላው እንደማይበላ ገብቷቸው ነው እላለሁ፤ እንዲህ ከሆነ የልጄን ትዳር ከነሙያዋ ያተረፉት እሳቸው ናቸው። አንዳንዴም፣ ወተት የሚፈልግ ምላስ ወተት ያገኛል እላለሁ። ሦስቱንም አምናለሁ፤ እንደ ቀኑ ነው።

ጾሙ ተፈትቶ ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸው ደወሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም። ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነው የሰማችው። «ዘይነባ ዕረፍት ነሣችኝ» አሉ። «ለመውሊድ ትሥራልኝ ብላለች፤ ያንኑ አረንጓዴውን፣ ወተት ያለውን። የገበያ ሴቶች ሁሉ አዘዋል። ኬክ ቤቱን ከእኔ በር አጠገብ ነው የምትከፍቺው፤ ሌላ ቦታ እንዳትፈልጊ።»

ልጄ አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። ዕንባው ሳይደርቅ ግን አዲስ ጣጣ መጣ። አሁን በእውነት ወተት ብትጨምርበት ጣዕሙ ይለወጥና እትዬ ዘይነባ «ይሄ ያኛው አይደለም» ሊሉ ነው። ባትጨምርበት ወተት አለው ብላ ወተት የሌለው ልትሸጥ ነው፤ የሱቋ መክፈቻ ውሸት ሊሆን ነው። «አባዬ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ? ባለቤቴን ጠየቅኳት።

«ወተት እንደነበረውና እንዳልነበረው የሚያውቁት እትዬ ዘይነባ ብቻ ናቸው፤ ሂድና እሳቸውን ጠይቃቸው» አለችኝ።

መውሊድ እየደረሰ ነው። እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።