የሙሀባው ፒክአፕ ምን ሆና!

በዚህ ዓለም ሁለት ዓይነት ባለመኪና አለ። አንዱ መኪናው ስትታመም ይናገራል፤ ሌላው መኪናው እያጣጣረች «እሷ ምን ሆና!» ይላል። ይህን ሁለተኛውን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ በእግሩ ሄዶ የኖረ ነው፣ ወይ ዱዓ የምታደርግለት እናት አለችው። ሪያድ ውስጥ ሱለይ በሚባል ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ሰልፍ ፊት ለፊት፣ የዚህ ወገን አለቃ ክቡር ሙሀባው ነበር።

የወሎ ሰው ነው። ፒክአፗ በወረቀት የከፊሉ፣ የሳዑዲው አሠሪው፣ ናት፤ በፍቅር ግን የእሱ። «ሙሽራዋ» ይላታል። ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል። የጋቢናዋ በር ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፣ መስኮቷ ከወረደ አይወጣም፣ ፍሬኗ ደግሞ... ፍሬኗን በተመለከተ ፈሪዳን መጠየቅ ነው።

ፈሪዳ ነሲም ሰፈር ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ አምሳን የተጠጋች ሴት ናት። ልጇ ሲራጅ ሰናኢያ በሚሉት የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እናትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ የሚተያዩት ጁምዓ ብቻ ነው። ሲራጅ ከሙሀባው ጋር መጥቶ ይወስዳታል፣ ሱለይ የአገር ሰው ቤት አብረው ይውላሉ፣ ወደ ማታ ይመልሳታል። የአሠሪዋ የማዳም ሕግ አጭር ነው፤ «ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሳይል በሩ ላይ። አንድ ቀን ከዘገየሽ፣ ጁምዓ ኸላስ፣ አበቃ።»

ስለዚህ ፈሪዳ በየሳምንቱ ቢስሚላህ ብላ ሙሽራዋ ላይ ትወጣለች። ቀኝ እግሯ ጋቢናው ወለል ላይ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ኖሮ ምንጣፉን በስቶታል።

ከሶላት በኋላ ባለፒክአፖቹ ጋራዡ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። እንደ ጤና ጣቢያ ወረፋ እያንዳንዱ ሕመሙን ይዘረዝራል።

«የኔዋ ስረግጣት ፔዳሏ ወለሉ ድረስ ይወርዳል» ይላል ሰማው።

«የኔዋ ወደ ግራ ትጎትታለች» ይላል ዘከሪያ። «ትናንት የሰው አጥር ነበር የሚያስቆመኝ።»

ያኔ ሐኪም ሙሀባው ይነሳል። «አንተ፣ ዘይት ያፈሳል! አንተ ደግሞ፣ የፍሬኑ ሸራ አልቋል! ዛሬውኑ አስፈቱት። የሰው ነፍስ ይዛችሁ በፍሬን ትቀልዳላችሁ?»

«ያንተዋስ፣ ዶክተር?»

«እሷ ምን ሆና!»

ምንም አልሆነችም፤ አትቆምም እንጂ። ሙሀባው ዳቦ ቤቱ ጋ ለመቆም ሲፈልግ ዝግጅቱን ከፀጉር ቤቱ በፊት ይጀምራል። ማርሽ ይቀንሳል፣ የእጅ ፍሬኑን እንደ ጉድጓድ ውኃ ገመድ ይጎትታል፣ የቀረውን ለአላህ ይተዋል። የዳቦ ቤቱ ሰው ልማዱን ስለሚያውቅ ዳቦውን በእጁ ይዞ አብሮ ይሮጣል።

መንግሥት ያለ ሚኒስትር አይሆንምና ሙሽራዋም ሚኒስትር ነበራት። ጋሽ ይማም፣ በወጣትነታቸው ሐረጎ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ረዳት የነበሩ አዛውንት፣ ከኋላ ጭነቱ ላይ የቴምር ግንድ ቁራጭ ታቅፈው ይቀመጣሉ። ታኮ ነው፤ መኪናዋ ስትዘገይ ዘለው ከጎማው ሥር ይሸጉጡታል። ሪያድ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዳገት በሌለበት አገር የዳገት ታኮ ይዞ የሚዞር ከእኛ ሰዎች በቀር አልታየም።

ማዳም ደጃፍ ለመቆም ግን ታኮም አያስፈልግም ነበር። ከበሩ አለፍ ብሎ አንድ ሰው ቤት ሊሠራ አሸዋ ከምሯል። ሙሽራዋ በየጁምዓው አፍንጫዋን እዚያ ቀብራ ትቆማለች፤ ፈሪዳም አቧራዋን አራግፋ፣ እንደ ጨዋ ሴት ወደ በሩ ትመለሳለች።

ታዲያ አንድ ጁምዓ ሲደርሱ አሸዋው የለም። ሰውዬው ቤቱን መሥራት ጀምሯል። አሸዋው ግድግዳ ሆኗል፤ በግድግዳ ደግሞ አይቆምም።

ሙሀባው መሪውን ጠምዝዞ አለፈ። ማዳም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፈሪዳ እጇን በመስኮት አውጥታ «መጣሁ ማዳም!» አለችና ሄደች። መንደሩን ዞረው ተመለሱ። «መጣሁ!» አለች፤ አሁንም ሄደች።

«ሙሀባው፣ በአላህ፣ አቁማት!»

«ትቆማለች እህቴ፣ አትቸኩይ። እሷ ምን ሆና!»

«አንተ፣ ቀስ በላት እንጂ!» ጮኹ ጋሽ ይማም ከኋላ። «እኔ አርጅቻለሁ፣ እሷ ገና ትሮጣለች!»

አዛኑ ተሰማ። ሲራጅ አንገቱን ደፋ። ሌላ ዙር ዞረው ሲመጡ ጋሽ ይማም እንደ ጎረምሳ ዘለሉና ታኮውን ሸጎጡ። ሙሽራዋ ተንፏቃ፣ አቃስታ፣ ልክ ማዳም እግር ሥር ቆመች።

«ኸላስ ፈሪዳ» አለች ማዳም እጆቿን አጣምራ። «እኔ በር ላይ ቆሜ አንቺ ፊቴ ትንሸራሸሪያለሽ? ከእንግዲህ ጁምዓ የለም።»

ፈሪዳ የምታውቀው ዐረብኛ ሁሉ ጠፋባት። የታያት የሲራጅ ፊት ብቻ ነው፤ ሳምንት ሙሉ የምታስበው ፊት።

ሙሀባው ወረደ። አሁን መንገዱን፣ መብራቱን፣ ፖሊሱን ሊከስ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ራሱን የፈሪዳ ታላቅ ወንድም ያደረገ ያህል ከፊቷ ቆመ፤ በየደጁ የተቀመጡት የመንደሩ ሾፌሮች ሁሉ እየሰሙት፣ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው ተናገረ።

«ማዳም፣ እሷ ጥፋት የለባትም። በጊዜ ነው የደረሰችው፤ እኔ ነኝ ማቆም ያቃተኝ። ፍሬን የለኝም። ካለቀ ቆይቷል። ለሰው ሁሉ ስዋሽ ነው የኖርኩት።»

ማዳም ታኮውን አየች። እንደ ክብር ዘብ ቀጥ ብለው የቆሙትን ጋሽ ይማምን አየች። ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልሆነላትም።

«በዚህ ነው በየሳምንቱ የምትመጪው?» አለች ለፈሪዳ፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። «ጁምዓሽ ይቆይልሽ። ይቺ ነገር ግን ፍሬኗ ሳይሠራ ደጄ ላይ እንዳላያት!»

በማግስቱ ሙሽራዋ ጋራዥ ገባች። ሙሀባው ሐኪም ቤት ዘመድ እንዳስተኛ ሰው ደጁ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

የሚቀጥለው ጁምዓ ሱለይ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ጋሽ ይማም ታኮ መያዝ እንጂ ወሬ መያዝ አይችሉም። ሙሀባው ፍሬኑን ሲረግጥ መኪናዋ ቀጥ አለች፤ ባለፒክአፖቹም አጨበጨቡ።

«ዶክተር! ተናዘዝክ አሉ!»

«ለፈሪዳ ብዬ ዋሸሁ እንጂ» አለ ሙሀባው ወደ መሬት እያየ፣ «ሙሽራዋ ምን ሆና!»

ዘከሪያ በመስኮቱ ወደ ፈሪዳ ጎንበስ አለ። «እትዬ ፈሪዳ፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ። እውነቱን ይንገሩን። ፍሬን ነበራት?»

ፈሪዳ ቀኝ እግሯ ሥር ያለውን የተበሳ ምንጣፍ አየች። ሙሀባውን አየች፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ነበራት እንጂ» አለች። «ወንድሜ ለእኔ ብሎ ነው ስሟን ያጠፋው።»

«ወላሂ ይበሉ!»

«ሂድ ወዲያ! በፍሬን ወላሂ አይባልም።»

ሙሀባው ወረደ፣ ዞሮ መጣ፣ በሩን ከውጭ ከፈተላት።

«በሩስ ምን ሆኖ ነው?» አለ ዘከሪያ።

«በሩ ምን ሆኖ!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።