የእትዬ ዶሪን ለቅሶ

እኛ አበሾች ሰውን «ውሻ!» ብለን እንሰድባለን እንጂ ውሻን ቀርበን «እንደምን ዋልክ?» ብለነው አናውቅም። ለኛ ውሻ ማለት ግቢ በር ላይ የታሰረ ደወል ነው፤ ሰው ሲመጣ ይጮኻል፣ ሲበዛበት ይነክሳል፣ አለቀ። እናንተም እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ በመጣችሁ ሰሞን ውሻ ካፖርት ለብሶ በረዶ ላይ ሲንሸራሸር አይታችሁ «ወይ ስምንተኛው ሺ!» ሳትሉ አልቀራችሁም። እኔም ብያለሁ። ያልኩት ግን ካፖርት ሳይኖረኝ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። እኔና ባለቤቴ ጽጌ ማርልቦሮ በሚባለው ሰፈር የአንዲት ባልቴት ፈረንጅ ቤዝመንት፣ ከቤታቸው በታች ያለውን ምድር ቤት፣ ተከራየን። ዶሪን ይባላሉ። ጽጌ ትልቅ ሰው በባዶ ስም መጥራት አልሆንላት ብሎ «እትዬ ዶሪን» አለቻቸው፤ እሳቸውም የክብር መጠሪያ መሆኑን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ስልክ ሲያነሱ ሳይቀር «እትዬ ዶሪን ነኝ» ይሉ ጀመር። ጥሩ ሰው አገኘን ብለን እቃችንን አስገባን። በማግስቱ ጠዋት በሩን ብከፍት ደረጃው አናት ላይ አንድ ረጅም፣ ጎድኑ የሚቆጠር ግራጫ ውሻ ቆሞ ቁልቁል ያየኛል።

ለካስ አከራያችን የማኅበር መሥራች ኖረዋል። በውድድር ሜዳ ሲሮጡ ኖረው ፍጥነታቸው ሲቀንስ የሚጣሉ፣ ግሬይሃውንድ የሚባሉ ውሾች አሉ። እትዬ ዶሪን እነዚህን ጡረተኞች ከያሉበት እያስመጡ፣ አስታመውና አለማምደው የሚወዳቸው ቤት ይፈልጉላቸዋል።

እኔ ደግሞ ያኔ ሰንሪጅ ያለው ሞል ውስጥ ሴኩሪቲ ነበርኩ። ዩኒፎርም አለኝ፤ ሬዲዮ አለኝ፤ ሌባ አልፈራም። (ሌባም መጥቶ አያውቅም።) ውሻ ግን እፈራለሁ። ያን ቀን ጠዋት ውሻው ከላይ፣ እኔ ከታች ተፋጠጥን፤ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። በኋላ ስሰማ እሱም ፈርቶ ነበር። እኔን ሳይሆን ደረጃውን። እነዚህ ውሾች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጠባብ ጎጆና ከመሮጫ ሜዳ በቀር ስለማያውቁ፣ ደረጃ አይወጡም፤ የመስታወት በር ሲያዩ ክፍት መስሏቸው ይጋጫሉ።

እትዬ ዶሪን ታዲያ ያስተምሯቸዋል። አንዱን እግር አንስተው አንዱ ደረጃ ላይ ያኖሩና «ጉድ ቦይ!» ይላሉ፤ ጎበዝ ልጅ ማለታቸው ነው። ከሰዓት በኋላ ወደኔ ይመጣሉ። በረዶ ሲጠረግ ወገብ እንዳይቀጭ አካፋ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩኛል። መኪና በረዶ ላይ ሲንሸራተት ፍሬን እንደማይረገጥ ያስጠኑኛል። ስችል «ጉድ ቦይ!» ይላሉ። በዚያው ድምፅ። መጀመሪያ ከፋኝ። «ከውሻ እኩል አደረጉኝ» ብዬ ለጽጌ ባማርር፣ «ውሻው እኮ ባንድ ሳምንት ነው ደረጃውን የለመደው፤ አንተ ፓርክ ማድረግ ገና ነህ» አለችኝ።

አንድ ክረምት እትዬ ዶሪን ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ያ ግራጫው ውሻ ደግሞ ኮክረን የምትባል አጎራባች ከተማ ውስጥ ቤት አግኝቷል፤ የምትወስደው ሴት እየጠበቀች ነው። ነጂ ጠፋ። «አንተ ትነዳለህ» አሉኝ። እምቢ ማለት አፈርኩና ነዳሁ፤ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው፣ ውሻው ከኋላ አንገቴ ላይ እየተነፈሰ፣ እኔ መሪው ላይ ተጣብቄ። ደርሰን በሩን ስከፍት፣ የነዚህ ውሾች ጭንቅላት ከአንገታቸው የቀጠነ ነውና፣ የአንገት ማሰሪያው ሾልኮ እጄ ላይ ቀረ። ውሻው ሜዳውን ሰንጥቆ ተፈተለከ።

«ሩጥ!» ብለው ጮኹ እትዬ ዶሪን። «ሩጥ እንጂ! ኢትዮጵያዊ አይደለህም እንዴ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ፈረንጅ ሁላችንም ስንወለድ ጀምሮ የምንሮጥ ይመስለዋል። እኔ የትምህርት ቤት ስፖርት እንኳ በሐኪም ወረቀት ያለፍኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን ወዲያ ማዶ አውራ መንገዱ ይታያል፤ መኪናው አያባራም። የባልቴቷም ፊት አመድ መስሏል። የአገር ክብርም አለ። ሮጥኩ። ጉልበቴ ድረስ በረዶ ውስጥ እየሰመጥኩ ጥቂት እንደሄድኩ ትንፋሼ ተቆረጠና በአፍጢሜ ተደፋሁ። መነሣት አቃተኝ። ሞቴ ደረሰ ብዬ «አቡነ ዘበሰማያት» ስጀምር ሞቃት ነገር ጆሮዬን ላሰኝ። ውሻው ነው። የሚያባርረው ሲጠፋ፣ ምን ሆነ ብሎ ሊያየኝ ተመልሶ ነው። ፍርሃቴን የት እንደጣልኩት እንጃ፤ አንገቱን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኩት።

እትዬ ዶሪን የተሰበረ እጃቸውን እንደያዙ እየተደናቀፉ ደረሱ። «ጉድ ቦይ! ጉድ ቦይ!» አሉ እያለቀሱ። ለማን እንዳሉ እስከመጨረሻው አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲያ የማኅበሩ ሹፌር ሆኜ ቀረሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እትዬ ዶሪን ታመሙ፤ አልቆዩም፤ አረፉ። ለስንብቱ እሳቸው የሚሳለሙበት ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ፣ እኔና ጽጌ በሩ ላይ ደንግጠን ቆምን። ሰዉ ሁሉ ውሻውን ይዞ እየገባ ነው! በኛ አገር፣ ሰው ሁሉ እየገፋ የሚያባርረው ምስኪን «ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ» ይባላል። እዚያ ግን ውሾቹ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ምንጣፉ ላይ በጨዋ ደንብ ተጋድመዋል። የት እንደምቀመጥ ጠፍቶኝ የምቅበዘበዘው እኔ ነኝ።

የኮክረኗ ሴት ተናገረች። በመጨረሻም «ዶሪን ቤት የሰጠቻቸው ሁሉ እስቲ ይነሱ» አለች። ሰዎቹ ውሾቻቸውን እየሳቡ ተነሱ። ግራጫውም፣ አፉ ሸብቶ፣ ተነሳ። ጽጌ ጎኔን ጎሰም አድርጋኝ ተነሳች። እኔም ተነስቼ ከውሾቹ ጋር ቆምኩ።

ፈረንጅ ሲያለቅስ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ነካ ያደርጋል። እኔም እንደዚያው ላደርግ አስቤ ነበር። አፌን ስከፍት ግን «ወየው እናቴ! ወየው እትዬ!» የሚል፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጩኸት ወጣኝ። ጽጌ ተቀበለችኝ። ፈረንጁ ሁሉ መሐረቡን እንደያዘ ዞሮ አየን። ከዚያ ግራጫው አንገቱን ወደ ጣራው አቅንቶ «ኡ…ው!» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? በበላንበት ጮኽን።

ነገሩ ግን ከንክኖኝ ሰነበተ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ ውሻ በገባበት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መዋሌን፣ ጩኸቱንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አባ ፂማቸውን እየዳበሱ በጥሞና ሰሙኝ።

«መጮህ የጀመረው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«እንግዲያው ውሾቹን ተዋቸው» አሉኝ፤ «ለቅሶ ደርሰው ነው።»