ጋሽ ቆይ እና ቀይዋ ሞተር

ከየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ውሃ ስትጠጡ «እንዳያንቃችሁ»፣ ደረጃ ስትወጡ «እንዳያዳልጣችሁ»፣ ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ደግሞ «ወንበሩን አይታችሁታል?» የሚል ሰው። አደጋ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ጠረኑ የሚደርሰው፣ ክብሪት ለመጫር ባልዲ ውሃ የሚያስጠጋ፣ መሰላል ሲያውሳችሁ መሰላሉን ተከትሎ መጥቶ እስክትወርዱ ድረስ እግሩን ይዞ የሚቆም። ልጆች ሳለን እንስቅበታለን። ስንጎለምስ እንሸሸዋለን። ኋላ፣ እሱ ከሌለ በኋላ፣ አንድ ቀን መሰላል ላይ ወጥተን ቁልቁል ስናይ እግሩን የያዘልን የለም።

የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ በምትኖርበት ሰፈር ይህን የተከበረ ሹመት የያዙት ጡረተኛው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሞተር ከደጅ ደጅ እየዞሩ ቆጣሪ አንብበዋል። የእናት አባት ስማቸውን የሚያስታውሱት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ ለሌላው ሁሉ «ጋሽ ቆይ» ናቸው። ሰላምታም ቢሆን ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው «ቆይ!» ነውና። ጤና ጣቢያ ደም ግፊት ሊለኩ ሲመጡ እንኳ እጅጌያቸውን ሳይሰበስቡ «ቆይ! መሣሪያው ራሱ የተመረመረው መቼ ነው?» ይላሉ። በዚያች ደቂቃ ቢለካ ከፍ ብሎ የሚገኘው የአዋላጇ ግፊት ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት በአርባ ስድስት ዓመቷ ሞተር መንዳት ግድ ሲሆንባት ከሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ቆይ መሄዷ ቢቸግራት ነው። የጤና ጣቢያው ሀብት አንዲት ቀይ ሞተር ናት። የሚነዳት ሠራተኛ ተዛወረ። ኃላፊው ቁርጡን ነገራት፦ «ሲስተር፣ በወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ካላመጣሽ ሞተሯ ወደ ሌላ ጣቢያ ትሄዳለች።»

ከኮረብታው ማዶ ያሉት ቤቶች በእግር ሁለት ሰዓት ይወስዳሉ። ባለፈው ክረምት ያንን መንገድ ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በጭቃ ተንሸራታ ስትደርስ ልጁ ተወልዶ፣ እትብቱን ጎረቤት ቆርጣው ነበር። እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ በዕድል። የወላዷ እናት በሩ ላይ ቆመው አልተቆጧትም። «ቀርታለች ብለን ነበር» ብቻ ነው ያሉት። ይህች ቃል ከጆሮዋ አልወጣችም።

በመጀመሪያው ቀን ሄልሜቷን አጥልቃ ኳስ ሜዳው ስትደርስ ጋሽ ቆይ ከእግሯ ጀመሩ።

«ቆይ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ጫማ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ይሄማ የመታጠቢያ ቤት ነው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን አድርገሽ ነይ። ወፈር ያለ ሱሪ። ጓንት። አስፋልት ቆዳ ይወዳል፣ ሲስተር።»

የዕለቱ ትምህርት በዚሁ ተፈጸመ።

በሁለተኛው ቀን ሞተሯን መዞር ብቻ ነበር፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት፣ ሰንሰለት፣ ስፖኪዮ። ከዚያ እንደገና ከጎማ። አዋላጇ ትዕግሥቷ አልቆ «መቼ ነው የምነዳው?» ብትል፣ «አንቺስ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ሳትመረምሪ ‹ግፊ› ትያታለሽ?» አሏት። እንደገና ከጎማ ጀመረች።

በሦስተኛው ቀን ሞተሯን ሣር ላይ አጋደሙና ራቅ ብለው ቆሙ። «አንሺያት። የጣለውን ማንሳት የማይችል አይጋልብም።» አዋላጇ ጀርባዋን ለመቀመጫው ሰጥታ፣ በርከክ ብላ በጭኗ ኃይል ገፋች። በአራተኛው ሙከራ ሞተሯ ቆመች፤ እሷ ተቀመጠች።

ከዚያ አምስት ቀን ሙሉ ሞተሩ ሳይነሳ መግፋት ሆነ። «ክብደቷን ሳታውቂ ፍጥነቷን ልታውቂ?» ከሜዳው ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴት ብርጭቆ እያጠበች ታያቸውና «ሲስተር፣ ለመሆኑ ማን ማንን ነው የሚጭነው?» ትላለች። ሻይ ጠጪው ሁሉ ይስቃል፤ አዋላጇም ትስቃለች። ጋሽ ቆይ ብቻ አይስቁም። በእንዲህ ያለ ነገር አይቀለድማ።

በዘጠነኛው ቀን ሞተሩ ተነሳ። «ፍሪሲዮኑን፣ በግራ እጅሽ የያዝሽውን፣ በአንዴ አትልቀቂው። እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን እንደምታስተኚ፣ ቀስ።» ቀስ አለች፤ ሞተሯም ቀስ ብላ ሄደች። አዋላጇ ከሄልሜቱ ውስጥ ጮኸች፤ በደስታ።

ጋሽ ቆይ በሥራ ዘመናቸው የጨረሷቸውን ጫማዎች አልጣሉም ነበር። ምን ይጥላሉና! በከረጢት ተሸክመው አምጥተው ሜዳው ላይ በተርታ ደረደሯቸው፤ በመካከላቸው እየተጠማዘዘች እንድታልፍ። የመጀመሪያ ቀን ስድስት ጫማ ረገጠች።

«ዓይንሽ ጫማው ላይ ተተክሎ ጎማሽ ምን ያድርግ? የምትፈሪውን አትይ፤ የምትሄጂበትን እይ!»

ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው ግን ገና ከሜዳው አልወጡም። በዚያን ዕለት ለስምንተኛ ጊዜ «ቆይ!» ብለው ሲያስቆሟት ሄልሜቷን አወለቀች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አስተምረው እስኪጨርሱ ዛሬ የተጸነሰው ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል! እኔ የምፈልገው መድረስ ነው። መድረስ ብቻ!»

ጋሽ ቆይ ጫማዎቹን አንድ በአንድ ለቅመው ከረጢቱን ተሸከሙና ሄዱ።

በማግስቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ቤታቸው ስትሄድ በር የከፈቱላት ባለቤታቸው ነበሩ፤ አንድ እግራቸውን ሳብ እያደረጉ።

«ግቢ እንጂ። ጓሮ ነው፤ የረገጥሽበትን ጫማ ይወለውላል።»

«ትናንት አስቀየምኳቸው፣ እትዬ።»

«አንቺ ብቻ? እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳስቀይመው ኖሬያለሁ። ደህና ነው፤ አይሰበርም። የተሰበረው ይሄ ነው።» ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። «ሞተር በተሰጠው በሁለተኛው ሳምንት። ገና አዲስ ሙሽሮች ነን። ከወፍጮ ቤቱ ታች ያለችው መታጠፊያ አሸዋ ፈሶባታል። ከኋላው ሆኜ ‹ቆይ!› አልኩት። ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› አለና…» እጃቸውን ወደ ጎን አጋደሙት። «ተነስቶ ሲያየኝ የነበረውን ፊቱን ብታዪ! ጉልበቴን ረስቼ ለሱ አለቀስኩ። ያቺ ‹ቆይ› የኔ ነበረች፣ ልጄ። ያን ቀን ወሰዳት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።»

ከጓሮ ድምፅ ተሰማ። «ቆይ! ማን ነው? ማንነቱን ሳትጠይቂ በር ከፈትሽ?»

ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ አዋላጇ አላጉረመረመችም። ጋሽ ቆይም በራሳቸው ጊዜ ከሜዳው አወጧት፤ በአሮጌዋ ሞተራቸው ከኋላ ከኋላዋ እየተከተሉ። በየጠዋቱ በወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ በኩል ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። «ከመታጠፍሽ በፊት ቀንሺ። ከታጠፍሽ ወዲያ ፍሬን አትንኪ። አሸዋ ላይ ፍሬን ማለት…» ብለው ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱትም። የአሸዋ ጫኝ መኪኖች መንገድ ሆኖ ሳለ መታጠፊያዋ በየጠዋቱ ንጹሕ ነበረች። አዋላጇ የከተማውን ጽዳት ክፍል በልቧ አመሰገነች።

በፈተናው ቀን ፈታኙ «ተነሺ» ሲላት መጀመሪያ ሞተሯን ዞረች፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት፣ ሰንሰለት፣ ስፖኪዮ። ፈታኙ ሰዓቱን አየ። ቢያይስ! አለፈች። ጋሽ ቆይ መንጃ ፈቃዷን ተቀብለው ፊቱንም ጀርባውንም መረመሩና «ቆይ፣ የሚያበቃው መቼ ነው?» አሉ። ከዚያ በመሐረባቸው ጠርገው መለሱላት። ዓይናቸውንም በዚያው መሐረብ ጠረጉ።

በሳምንቱ ገና ጎህ ሲቀድ ስልኳ ጮኸ፤ ከኮረብታው ማዶ ምጥ። አዋላጇ ሞተሯን ዞራ አይታ ወጣች። ወፍጮ ቤቱን አልፋ ቁልቁል ስትወርድ፣ መታጠፊያዋ ላይ የውሃ መሥሪያ ቤት አሮጌ ካፖርት የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ መንገድ ይጠርጋል። ሁለቱንም ፍሬን ቀስ አድርጋ ይዛ ቆመች።

«ጋሼ?»

ጋሽ ቆይ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ቀና አሉ። «ምን አስቸኮለሽ? ሁልጊዜ የምታልፊው በአንድ ሰዓት አይደል? የግራውን ገና አልጨረስኩም!»

አዋላጇ መጥረጊያውን አየች፤ በመንገዱ ዳር የተከመረውን አሸዋ አየች።

«ምጥ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ቆይ አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ የለመዷት ቃል ከንፈራቸው ላይ ስትደርስ አዋላጇ በግልጽ አየቻት። ነገር ግን መጥረጊያውን እንደ ወታደር ደረታቸው ላይ አስጠግተው ከመንገዱ ወረዱ።

«ሂጂ» አሉ። «ሂጂ እንጂ! የቀኙ ንጹሕ ነው።»

ቀንሳ፣ የምትሄድበትን እያየች ታጠፈች። «ስፖኪዮ ለጨረፍታ ነው፣ አያፈጡበትም» ብለው አስተምረዋት ነበር። መንገዱ ሲቀና ግን ከተፈቀደላት ትንሽ አብልጣ አየች። የግራውን እየጠረጉ ነበር።

ኮረብታውን ተሻግራ ስትደርስ ምጥ የያዛት ሴት እህት በሩ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች።

«ደረሰች! ደረሰችልን! ነይ ግቢ፣ ቶሎ በይ!» ብላ ክንዷን ያዘች።

አዋላጇ ሞተሯን በመቆሚያዋ አቆመች፤ መቆሟን በእጇ ነቅነቅ አድርጋ አረጋገጠች፤ ጓንቷን አወለቀች።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ እጄን ልታጠብ።»