በአንድ ጠዋት ያፈራው የሱሉልታ ወይን

ጎበዝ፣ ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ! ካልተናገርኩት ደግሞ ልፈነዳ ነው።

እንደምታውቁት ሱሉልታ ቤቴ ውስጥ ወይን ጠጅ እጠምቃለሁ። ፈቃድ አውጥቼ፣ ጠርሙስ ገዝቼ፣ ባሌን ቴዲን ቡሽ ገጣሚ አድርጌ! ፍሬውን የማስመጣው ከባቱ ነው። እዚያ ሙቀት አለ፣ ወይን ይስማማዋል።

ሱሉልታ ግን ብርድ ነው። አጥሬ ላይ የተጠመጠመች አንዲት የወይን ሐረግ አለችኝ፤ ከተተከለች ጀምሮ ከቅጠል በቀር ያሳየችኝ ነገር የለም።

እዚሁ አካባቢ አንድ ሎጅ አለ። ማናጀሯ ራሔል ትባላለች። ወይን ጠጄን ቀመሰችውና ወደደችው! ሜኑ ላይ ልታስገባው! የመጀመሪያዬ ትልቅ ደንበኛ!

ከደስታዬ ብዛት ሌብሉን ራሴ ዲዛይን አድርጌ በቴሌግራም ላክሁላት። «ሻምፓኝ ዘ ሱሉልታ» ይላል።

ወዲያው ደወለች።

«ሻምፓኝ እኮ የቦታ ስም ነው! ፈረንሳይ ውስጥ ያለ አካባቢ። ሌላ ቦታ ሠርቶ በዚያ ስም የሚሸጠውን በየአገሩ ይከሱታል። ደግሞ ያንቺ አረፋ እንኳ የለውም! እባክሽ እንግዶቼ ፊት መሳቂያ እንዳታደርጊኝ።»

ዩቲዩብ ገባሁ። ኧረ ጉድ ነው! ለካ ዓለም በወይን ስም ሲነታረክ ነው የሚውለው። ፖርት የፖርቱጋል ነው፣ ሼሪ የስፔን ነው፣ አትንኩብን! ጠርሙስህ ላይ የቦታ ስም ከጻፍክ ፍሬው፣ ቢያንስ አብዛኛው፣ እዚያ የበቀለ መሆን አለበት። አውሮፓም አሜሪካም እንዲህ ነው።

ጤነኛ ሰው ይህን ሰምቶ ምን ያደርጋል? «ባቱ» ብሎ ይጽፋል፣ አይደል?

እኔ ግን ደሜ ፈላ። እነሱ በአገራቸው ስም እንዲህ ከኮሩ እኛስ ምን ጎደለን? አዲስ ሌብል ሠራሁ፦ «በሱሉልታ ብርድ በቅሎ የበሰለ ወይን»። ላክሁት።

«ዋው!!» ብላ መለሰች። «ሱሉልታ ወይን ያፈራል?! ነገ ጠዋት መጥቼ በዓይኔ ካላየሁ! ውሉንም ይዤ እመጣለሁ።»

ውሉንም!

ቴዲ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበር። ሲመለስ አንድ ካርቶን የወይን ፍሬ ከፍራፍሬ ቤት እንዲገዛ አዘዝኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ጠዋት መሰላል ላይ አወጣሁትና አረንጓዴ የስፌት ክር አቀበልኩት።

«አንቺ አብደሻል» አለኝ።

«እሺ፣ ያንን ዘለላ ትንሽ ዝቅ አድርገው» አልኩት።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስንጨርስ ያምር ነበር! እኔ ራሴ ቆሜ ሳየው በሱሉልታ ኮራሁ።

ራሔል መጣች። ጮኸች! ስልኳን አውጥታ ከሐረጓ ጋር ሴልፊ፣ ከእኔ ጋር ሴልፊ፣ ቴዲን ጨምራ ሴልፊ!

ጩኸቷን ሰምተው ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ ጴንጤ ናቸው፤ ወይን ጠጄን በአፋቸው አድርሰውት አያውቁም። ግን ያቺን ሐረግ የተከሉልኝ እሳቸው ናቸው።

ቀና ብለው አዩና ሁለት እጃቸውን አነሱ። «ዋቃዮ ጉዳዳ! እግዚአብሔር ትልቅ ነው! በእኔ እጅ?» እንባቸው መጣ።

እውነቱን መናገር ያኔ ነበር። ግን አፌን ከፈትኩ? አልከፈትኩም!

ራሔል ደህና ፎቶ ለማንሳት ትልቁን ዘለላ አዞረችው። አናቱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ካርድ ተንጠልጥሏል። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ፕሮዳክት ኦፍ... ሳውዝ አፍሪካ?»

በዚያ ግቢ ውስጥ እውነቱን የሚናገር ሌብል እሱ ብቻ ነበር።

«ዝርያው ነው... ዝርያው ከዚያ ነው የመጣው» ማለት ስጀምር ዘለላው ከነክሩ ተበጥሶ እጇ ላይ ወደቀ። ቴዲ ቀስ ብሎ ወደ ቤት ገባ። ባል ብሎ ነገር!

ኦቦ ቶሎሳ ክሩን አንስተው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ኩን ማሊ? ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የሱቅ ነው፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

አንድ ፍሬ ቀንጥሰው በሉ። «ይጣፍጣል» አሉ። «እኔን ግን በከንቱ ባታስደስቺኝ ይሻል ነበር።» ወጥተው ሄዱ።

ከራሔል ስድብ ስጠብቅ እሷም አልተሳደበችም። ምነው በተሳደበች!

«ባቱ ብለሽ ብትጽፊ ዛሬ እፈርም ነበር። ወይንሽን አምኜዋለሁ። አንቺን ግን አላመንኩሽም።» ውሉን ሳታወጣው ቦርሳዋን ዘግታ ሄደች።

ከሰዓት ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል «ተነሺ፣ ተነሺ» አሉኝ። «ሐረጓን ፀሐይ ወዳለበት እናዛውራታለን። በራሷ ጊዜ ታፍራ።» እኔም አለቀስኩ።

እና አዲሱ ሌብል ይኸው፦ «ፍሬው የባቱ፣ የተጠመቀው ሱሉልታ»። ውሸቱ የእኔ ነው፤ እሱን ጠርሙስ ላይ መጻፍ ስለማይቻል እዚህ ጻፍኩት። ራሔልን ታግ አድርጌያታለሁ።

ኤዲት፦ አየችው! አየችው! የሳቅ ኢሞጂ አድርጋ ዝም አለች! እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ሰው የሳቅ ኢሞጂ የሚያደርገው ሊፈርም ሲል ነው ወይስ ሊሰናበት?